ካስኬድና ሳዝ የሚባሉት ሆፖች (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጡ አበቦች) ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

"ሁለቱንም ሆፕ ሞከርኩ፣ ቢራዬ ግን ያው መራራ ብቻ ነው" ላልከው፦ ጥፋቱ የሆፑ ሳይሆን የሰዓቱ ይመስለኛል። የብቅሉ ጭማቂ ገና መፍላት ሲጀምር ሆፑን ጨምረህ 60 ደቂቃ ካንተከተክከው መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር እልም ይላል፣ የሚተርፍልህ ምሬቱ ነው። ለምሬት ብቻ ከሆነ ማግነም የሚባለው ሆፕ ይበቃሃል፤ ምሬት የሚሰጠው አልፋ አሲዱ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ጣል ማድረግ ነው። ካስኬድን ግን መጨረሻ 5 ደቂቃ ሲቀር ጨምረው። ያኔ የግሬፕፍሩት ልጣጭና የአበባ ሽታው ይመጣል። ሳዝ ለስለስ ያለ ነው፣ ቅመም ቅመም ይላል፣ ለላገር ቢራ እኔ በሱ አልደራደርም። ሲትራ የሚባለው ሆፕ ደግሞ ማንጎ ማንጎ የሚል ነው፤ ቢራው ተብላልቶ ሲያበቃ 3 ቀን ብትዘፈዝፍበት ገና ስትቀዳው ያውዳል። አንዴ ሦስት ሳምንት ረስቼው ሣር ሣር አለኝ፣ እንዳትረሳው!