ዛጎሎቹን ውጭ ከመላክሽ በፊት

እህቴ፣ ከመቀሌ አካባቢ ከአንታሎ ኖራ ድንጋይ የለቀምሻቸውን ዛጎሎች የጥንቱ ባሕር ስንት ዲግሪ እንደነበር ለማወቅ፣ ለኦክስጅን አይሶቶፕ (የከባዱና የቀላሉ ኦክስጅን ድርሻ) ልኬት ውጭ አገር ልትልኪ ነው። «ስንት ሳምፕል ይበቃል?» ብለሻል። ብዛቱን ተዪው። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

1. አትቸኩዪ። ለማስተርሴ ሦስት ሳምንት እዚያው ፀሐይ ላይ ዋልኩ። የሚያብለጨልጩትን እየመረጥኩ 40 ዛጎል ሰበሰብኩ። የመላኪያ ደብዳቤው ብቻ ሁለት ወር ፈጀ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ሰውዬው ሳጥኑን ነቅነቅ አድርጎ «ውስጡ ወርቅ አለ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ «ነገ ተመለስ»። ነገ ስመጣ ደግሞ ሻይ ወጥቷል።

ውጤቱ መጣ። አብዛኛው -8 ፐርሚል አካባቢ፤ ከባዱ ኦክስጅን ከመለኪያው መነሻ ከሺህ 8 እጅ ያህል ያነሰ ማለት ነው። ወደ ሙቀት የሚቀይረው ቀመር ውስጥ ሳስገባው ባሕሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቁጭ አለ። አማካሪዬ ወረቀቱን አይቶ «ይሄ ባሕር ነው ሽሮ?» አለኝ።

2. ምን ሆኖ መሰለሽ? ብዙ ዛጎል መጀመሪያ ሲሠራ አራጎናይት የሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን ነው። አራጎናይት ደግሞ አይበረክትም። በ160 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የዝናብ ውሃ እየሰረገ ያሟሟዋል፤ ቦታውን ካልሳይት፣ የዚያው ካርቦኔት የሚበረክተው ዓይነት፣ ይይዛል። ያ ዓይኔን የሳበው ብልጭልጭታ ኋላ የበቀለ ካልሳይት ነበር። የዝናብ ውሃ ውስጥ ከባዱ ኦክስጅን፣ ኦክስጅን-18፣ ከባሕሩ ያንሳል፤ አዲሱ ካልሳይትም ያንኑ ይወርሳል። 1 ፐርሚል በወረደ ቁጥር ቀመሩ 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምርልሻል። እኔ ያስለካሁት ባሕሩን ሳይሆን ዝናቡን ነው። ለዚያውም በራሴ ገንዘብ፣ በዶላር!

3. ኦይስተርና ብራኪዮፖድ (ሁለቱም ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የባሕር እንስሳት ናቸው) ፈልጊ። ከመነሻው በአብዛኛው ካልሳይት ስለሆኑ ይሻላሉ። እነሱንም ግን በደፈናው አትመኚ። ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ ቁራጭ አሠርተሽ የዛጎሉ የመጀመሪያ ድርብርብ አሁንም አለ ወይ ብለሽ በማይክሮስኮፕ እዪ። ካቶዶሉሚኒሰንስ (ናሙናው በኤሌክትሮን ጨረር ሲመታ የሚያበራውን ማየት) የሚሠራልሽ ካገኘሽ ብርቱካናማ የሚያበራውን ጣዪው፤ ማንጋኒዝ ገብቶበታል። ዙሪያውን ያለውን ድንጋይም አብረሽ አስለኪ። ዛጎሉና ድንጋዩ አንድ ዓይነት ቁጥር ካመጡ ጠርጥሪ። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ዓመት ባልባከነ።

በሁለተኛው ዙር 11 ብቻ ላክሁ፣ ሁሉም ኦይስተርና ብራኪዮፖድ። -3 አካባቢ መጣ። ዋልታዎቹ ላይ ትልቅ በረዶ ያልነበረበት ዘመን ነው ብዬ ቀመሩ የሚጠይቀውን የባሕሩን ውሃ የራሱን የኦክስጅን ቁጥር -1 አደረግሁት፤ 26 ዲግሪ ገደማ ወጣ። አማካሪዬ ሁለቴ አየው። ምንም ሳይል ፈረመ።

ደብዳቤውን ግን ዛሬውኑ ጀምሪው።