ራውንድ ላይ አፌ ይተሳሰራል፣ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ወሎ ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሲ ዋን (ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት የመጀመሪያው ዓመት) ገብቼ የውስጥ ደዌ አታችመንት (ልምምድ) ከጀመርኩ ወር አልፎኛል። እስከ አምና ድረስ ክፍላችን ውስጥ ቀለሜ ከሚባሉት ነበርኩ። አሁን ግን ዋርድ (የተኝቶ ሕክምና ክፍል) ስገባ ግራ ይገባኛል። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው ሲዞሩ፣ ስጠየቅ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። በቀደም አንድ ሲኒየር (ስፔሻሊስት ሐኪም) ስለ አንድ ታካሚ ጠይቆኝ ዝም ስል «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሕመምተኞቹም ሰልችተውናል፤ አንድ አባት «ልጄ፣ ዛሬ አምስተኛዋ ነሽ፣ ተዪኝ» አሉኝ። ሌሊቱን ስቸክል አድራለሁ፣ ጠዋት ባዶ ነኝ። ትምህርቱ ቢቀርብኝስ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?
ሐ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ ሐ.፣ አብሽሪ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ ቀለሜዎች ናቸው። ሰነፉን ምን አስጨነቀው!

ክፍል ውስጥ ብዙ የሸመደደ ያልፋል። ዋርድ ላይ ግን ሲኒየሩ የሚፈልገው አልጋ 7 ላይ የተኙት አባት እንዴት እንዳደሩ የሚነግረውን ሰው ነው። እሱ ራሱ አያውቀውም፣ ረዚደንቱም (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ሲሮጥ ነው ያደረው። ጊዜ ያለሽ አንቺ ነሽ። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ስትሆኚ ይሄ ጊዜ ይናፍቅሻል፣ ያኔ ውሃ ለመጠጣትም ፋታ የለም።

ስለዚህ ዋርዱን ሙሉ አትዙሪ። ሁለት ወይ ሦስት ሕመምተኛ ያዢና የራስሽ አድርጊያቸው። ራውንድ ከመጀመሩ ቀደም ብለሽ ግቢ። ሌሊቱን ትኩሳት ነበራቸው? ሽንታቸው ምን ያህል ወጣ? እህል ቀምሰዋል? ትላንት የተላከው የደም ምርመራ ውጤቱ መጣ ወይስ ላብራቶሪ ቀረ? ይህን ይዘሽ ከቆምሽ ሲጠይቁሽ የምታወሪው በዓይንሽ ስላየሽው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ብን ብሎ አይጠፋም።

ማንም የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። ፌስታሉን እዪ። ካርዱ ላይ ሴፍትሪያክሶን (በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ) በቀን ሁለት ጊዜ ተብሎ ተጽፏል፣ ሁሉም ሰው እየተሰጠ ነው ብሎ ያልፋል። ከኮመዲኖው ሥር ያለውን የመድኃኒት ፌስታል ስትከፍቺው ግን አንዲት ባዶ ብልቃጥ ብቻ ታገኚያለሽ። ፋርማሲው አልቆበት ከውጭ ግዙ ተብለዋል፣ ልጅየው ደግሞ ብር ሊያመጣ ወረባቦ ሄዷል። ራውንድ ላይ «ለምን አልተሻላቸውም?» ተብሎ መድኃኒቱ ሊቀየር ሲል፣ አንቺ «ከትላንት ጀምሮ አልተሰጣቸውም፣ አልተገዛም» ብትዪ የዚያን ቀን ራውንድ ያንቺ ነው። ሕመምተኛውም ተጠቀሙ።

ሌላው፣ ትንፋሽ ቁጠሪ። ቻርት ብታገላብጪ የሁሉም ሰው ትንፋሽ በደቂቃ 20 ነው። እየሳቀ የሚያወራውም 20፣ እያቃሰተ የሚያጣጥረውም 20። ማንም አልቆጠረማ! ሰዓትሽን ይዘሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ሕፃናት ክፍል ስትደርሺ ደግሞ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፣ ከሳል ጋር ከሆነ የሳንባ ምች ታስቢያለሽ። እያለቀሰ ግን አትቁጠሪ፣ እናቱ እስክታባብለው ጠብቂ።

ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ስትወስጂ መጽሐፉን እንዳለ አትገልብጪ። የልብ ድካም ያለበትን ሰው «በስንት ትራስ ትተኛለህ?» በይ ይላል። ከደላንታ የመጡ አዛውንት ምን ይመልሱልሽ? ትራሳቸው የተጠቀለለ ጋቢ ሊሆን ይችላል። «አባባ፣ በጀርባዎ ተጋድመው ማደር ይችላሉ ወይስ ተደግፈው ነው የሚያነጉት?» በያቸው። ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል ወይ የሚለውንም ተዪው፣ ፎቅ የት አለና። ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ስንቴ እንደሚያርፉ፣ አምና በዚህ ጊዜስ ስንቴ ያርፉ እንደነበር ጠይቂ። ወሎ ውስጥ ዳገት አይቸግርም።

ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ደግሞ የት ሰንብቶ እንደመጣ ሳትጠይቂ አትለፊው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ወባ በዚያ ብርድ እምብዛም አይተላለፍም፣ ሰውየው ግን ትላንት ከባቲ ወይ ከከሚሴ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይ ሁመራ ከርሞ ከሆነና ጣፊያው አብጦ ካገኘሽው፣ ካላዛርን (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን በሽታ) ከዝርዝርሽ አታውጪ። ስኳር ያለባቸውን ስለ ጾም ጠይቂ፤ ረመዳንም ሁዳዴም አንዳንዶች ኢንሱሊናቸውን ሳይወስዱ የሚቀሩበት ጊዜ ነው። ጠበል ገብተው መድኃኒት አቁመው ከሆነም ሳትቆጪ ጠይቂ፣ ከተቆጣሽ ይደብቁሻል።

«አምስተኛዋ ነሽ» ያሉሽ አባት እውነታቸውን ነው። አስቢው እስኪ፣ አሞሽ ተኝተሽ በየሰዓቱ አንድ ጋውን የለበሰ ልጅ እየመጣ ከሀ ጀምሮ ሲጠይቅሽ! ከቡድንሽ ጋር ተነጋገሩ፣ አምስታችሁ አንድ ሰው ላይ አትረባረቡ። ስትሄጂም ለወረቀትሽ ብቻ ብለሽ አትሂጂ። እንዴት አደሩ በይ፣ ቤተሰቡን ጠይቂ፣ ወንበር ካለ ተቀመጪ፤ ወሎዬ ሰላምታ ሳይጠግብ ሚስጥሩን አያወጣም። ተማሪ መሆንሽን ንገሪያቸው፣ «ዶክተር» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። ገላ ከመግለጥሽ በፊት መጋረጃ ሳቢ፣ መጋረጃ ከሌለ አስታማሚዋ ነጠላ ትያዝልሽ። ኦሮምኛ ወይ አፋርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ከገጠመሽ ከሠራተኞቹ አስተርጓሚ ፈልጊ። አስታማሚው ሲያስተረጉም ሰውየው ረጅም ሰዓት የተናገረውን «አሞኛል ነው የሚለው» ብሎ ይገላግልሻል።

ሌሊቱን መቸከሉን ግን ቀንሺ። ማታ አንብቢ፣ ቀን ስላየሽው ሰው አንብቢና ተኚ። ሩማቲክ የልብ ሕመም እኛ ጋ ብዙ ነውና የሚትራል ስቴኖሲስ (የልብ ቫልቭ መጥበብ) ሕመምተኛ ማግኘትሽ አይቀርም። ያን ዕለት ማታ ያንን ምዕራፍ አንብቢ። ጠዋት ፈቃድ ጠይቀሽ በግራ ጎናቸው አስተኝተሽ፣ የስቴቶስኮፕሽን ቤል (ትንሿን ጎድጓዳ ወገን) የልቡ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገሽ አስቀምጠሽ፣ ትንፋሻቸውን አስወጥተው ያዝ እንዲያደርጉ ነግረሽ አዳምጪ። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማሽ ይችላል። ረዚደንቱን «እስኪ አሰማኝ» በዪው፣ ይሄን ጥያቄ የሚጠላ ረዚደንት ብዙ አላየሁም።

ስለ ሲኒየሩ። ሰው ፊት ማዋረድ ማስተማር አይደለም፣ ልማድ ሆኖ ቀርቶ ነው። ቢሆንም አንቺ ዝም አትበዪ። «አላውቀውም፣ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» በይና በማግስቱ ሳይጠይቁሽ መልሺ። ሁለት ሦስቴ ስታደርጊው ይለምዱሻል። ወደ ስድብ ከሄደና ከቀጠለ ግን ቀኑንና የተባልሽውን መዝግበሽ፣ የክፍል ተወካያችሁን ይዘሽ፣ የኮርስ አስተባባሪውን አነጋግሪ።

ሲስተሮቹን አክብሪ። ዱቲ ማታ፣ ተረኛ ስትሆኚ፣ «ምን ልርዳሽ?» ብለሽ አጠገባቸው ከቆምሽ የደም ሥር መክፈቱንም ካቴተር ማስገባቱንም የሚያሳዩሽ እነሱ ናቸው። ያገለገለ መርፌ ከወጋሽ ግን በሳሙናና በውሃ ታጠቢና ወዲያው ሪፖርት አድርጊ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ይቆጡኛል ብለሽ አትደብቂው።

ስለ ማቆሙ ገና ነው። ቀዶ ጥገናው፣ ሕፃናቱ፣ ማህፀንና ጽንሱ ሁሉ አልታየም። እንቅልፍና ምግብ ሙሉ በሙሉ እምቢ ካለሽ ግን ለምታምኚው ሐኪም ንገሪ፣ አንቺም ሰው ነሽ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በመጪው ዓመት ሲ ዋን እገባለሁ። ጓደኞቼ ሊትማን የሚባለውን ውድ ስቴቶስኮፕ ካልያዝክ ትናቃለህ አሉኝ። አባቴ በሬ ሸጦ ሊገዛልኝ ነው። ልቀበል?
መ.፣ ከወልድያ

መልስ፦ ኧረ በሬውን ተውት! ቤልና ዲያፍራም (ሰፊው ጠፍጣፋ ወገን) ያለው፣ ጆሮህ ላይ ገጥሞ የውጭውን ጫጫታ የሚዘጋልህ ርካሽ ስቴቶስኮፕ ለተማሪ ይበቃል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ጫፎች ወደ አፍንጫህ አቅጣጫ ማዘንበል አለባቸው፣ ብዙ ሰው ገልብጦ ያደርገውና አይሰማም ይላል። በልብስ ላይ አታድምጥ። ስትገዛው ደግሞ ስምህን ፕላስተር ላይ ጽፈህ ለጥፍበት፤ «አንዴ አውሰኝ» ተብሎ የሄደ ስቴቶስኮፕ ሲመለስ አላየሁም።