ቺዋዋ ላሳድግ ላልሽው እህቴ፣ ከሚጡ ጋር ካየሁት

ፍኖተ ሰላም ሆነሽ «ቺዋዋ የምትባለዋን ትንሽዬ የውሻ ዝርያ ልወስድ ነው፣ ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ጠባዩ እንዴት ነው በሽታስ ይበዛበታል ወይ» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሚጡ የምላትን ቺዋዋዬን ማሳደግ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ።

ጠባይዋ፣ አንድ ሰው ትመርጥና እሱን ነው ሙጥኝ የምትል፣ እኛ ቤት እማዬን ነው የመረጠችው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድባት እስክትመለስ ከበር አትነሳም። ትንሽነቷን ግን አታውቀውም፣ የጎረቤት ትልቅ ውሻ ልትገጥም ትሄዳለች፣ ብቻዋን ግቢ አትልቀቂያት፣ ማታማ ጅብ አለ። ልጆችሽ ገና 3 እና 4 ዓመት ከሆኑ ትንሽ ቆዪ እልሻለሁ፣ በክፋት አይደለም አንስተው ይጥሏታል፣ 2 ኪሎ ከምናምን ነች እኮ፣ አናቷ ላይም እንደ ጨቅላ ሕፃን እርግብግቢት አላት፣ ብዙዎቹ ላይ እድሜ ልክ አይገጥምም።

በጣም የምለምንሽ ምግቡን ነው። ቡችላ ሳለች አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ውዬ ስመጣ ዝልፍልፍ ብላ መቆም አቅቷት አገኘኋት፣ ለካ ቡችላቸው ለረጅም ሰዓት ካልበላ የደሙ ስኳር ይወርዳል፣ ማር በጣቴ ድዷ ላይ ቀብቼ በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ሐኪም ሮጥኩ፣ ተረፈችልኝ። ከዛ ወዲህ ቡችላ እስካለች ትንሽ ትንሽ በቀን 4 ጊዜ ነበር የማበላት። ሽሮና ወጥ ፍትፍት በፍጹም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ ለሷ ክብደት ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። እኛ በሁዳዴም ለሷ ለብቻዋ በትንሽ ድስት እንቁላልና ሩዝ ያለ ሽንኩርት እንቀቅላለን፣ የዶሮ አጥንትም አትስጫት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ሌላው የጉልበቷ ሎሚ ነው፣ ሚጡ እየሮጠች ድንገት አንዱን የኋላ እግሯን አንጠልጥላ በሦስት ትሄድና መልሳ ትረግጠዋለች፣ ሎሚው ከቦታው እየሸሸ ነው አለኝ ሐኪሙ፣ ከአልጋ መዝለል ከለከልናት ክብደቷንም እንጠብቃለን። አንገቷ ላይ ገመድ አትሰሪ የአየር ቧንቧዋ ደካማ ነው፣ በደረቷ የሚያልፍ ማሰሪያ አሰፊላት። ጥርሷም ቶሎ ይበላሻል፣ እኔ በውሻ የጥርስ ሳሙና ነው የማጥበው የሰው አይሆንም። ብርድ አትችልም፣ የማርቆስን ክረምት ሹራብ ለብሳ ነው የምታልፈው።

ሐኪም ጋ ስትወስጃት መጀመሪያ እንዲመዝኗት ጠይቂ፣ እኛ አገር በብዛት የሚታከመው ከብትና በግ ነው፣ የትል መድኃኒቱም በኪሎ ነው የሚታሰበው። የእብድ ውሻ ክትባቷን በየዓመቱ አታሳልፊ፣ ከቤት አትወጣም ብለሽ እንዳትተይው ልጆች አሉሽ። ሴት ከሆነች ደግሞ ከትልቅ ወንድ ውሻ ለይያት፣ የቡችሎቹ ጭንቅላት ትልቅ ስለሚሆን ምጡ ይጠናባታል።