ወንድምህ እውነቱን ነው፣ የዲሲ ነዋሪ ሴናተር የለውም

ዲሲ የሚኖረው ወንድምህ ሴናተር እንደማይመርጥ ቢነግርህ “የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ እንዴት ሴናተር አይመርጥም?” ላልኸው፦ ከተማዋ ግዛት ስላልሆነች ዋሽንግተን ዲሲ እስከኖረ ድረስ የሚመርጠው ሴናተር የለም። የዲሲ ነዋሪዎች ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልኩት እንደራሴም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም።

ፕሬዝዳንት ግን ይመርጣል፤ በ1961 እ.ኤ.አ. በ23ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተገኘ መብት ነው። ከንቲባና የከተማ ምክር ቤትም ይመርጣል፣ ኮንግረስ (የአሜሪካ ፓርላማ) ግን የከተማው ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ሊሽረው ይችላል። የፌዴራል ግብር እየከፈሉ እንዲህ መሆኑ ግፍ ነው። የእኛዋ አዲስ አበባ እንኳ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 49 መሠረት በፌዴራሉ ፓርላማ ትወከላለች።

አንድ ነገር ልብ በል። እዚህ ደብረ ማርቆስ “ዲሲ ነው ያለው” የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ነው፤ የእኔም ዘመዶች እንዲያ ናቸው። እነሱ እንደማንኛውም ግዛት ነዋሪ ሁለት ሴናተር አላቸው። አድራሻውን በደንብ ጠይቀው።