ዋናዬ ደካማ ነው፣ የሸራ ጀልባ ትምህርት ልመዝገብ ወይስ ልተው? ለሚለው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ በውሃ ዳር ባለው የመዝናኛ ማዕከሉ ለጀማሪዎች የሸራ ጀልባ ትምህርት እንደሚሰጥ፣ ለመመዝገብም እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን ዋናዎ ደካማ ስለሆነና ጀልባው ቢገለበጥስ የሚል ስጋት ስላለብዎ እንዳመነቱ ጽፈዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ይገኛል ወይ ብለውም ጠይቀዋል። እኔ ይህንኑ ትምህርት ምንም ሳላውቅ ገብቼ በሐይቅ ዳር ባለ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተምሬአለሁ፤ ከዚያም ለሁለት የበጋ ወቅቶች የጀማሪዎች ረዳት አስተማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

ከዋናው ልጀምር። ዋና ጨርሶ የማይችሉ ከሆነ አስቀድመው ዋና ይማሩ፤ የሸራው ትምህርት በሚቀጥለው ወቅትም ይኖራል። ዋናዎ ደካማ ነው ማለት ግን ጥቂት ርቀት ዋኝተው ይደክምዎታል ማለት ከሆነ፣ ይህ ከትምህርቱ የሚያስቀርዎ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ማዕከላት ተማሪው ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት የተወሰነ ርቀት እንዲዋኝና እግሩ መሬት ሳይነካ ለጥቂት ደቂቃዎች ባለበት ተንሳፎ እንዲቆይ ይጠይቃሉ። በዚህ ፈተና የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን እርጋታ ነው። በእኔ ጊዜ ፈተናውን በጥሩ ሁኔታ ያለፈ አንድ ወጣት ነበረ፤ በመጀመሪያው መገልበጥ ግን ውሃ ፊቱን ሲመታው ትንፋሹ ተቆራርጦ ጀልባዋን ሊይዝ እንኳ አልቻለም። የሚዋኘው ፊቱን ከውሃ በላይ አድርጎ ብቻ እንደነበረ የተረዳነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ገንዳ ውስጥ ፊቱን እየነከረ መተንፈስን ተለማምዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። እርስዎም ከአሁን እስከ ምዝገባው ባለው ጊዜ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለዎትም።

የሕይወት አድን ጃኬት ያስለብሱኝ የለም ወይ ይሉ ይሆናል። ያስለብሱዎታል፣ ማውለቅም አይፈቀድም። ይሁንና በትናንሽ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚለበሰው ቀለል ያለው ዓይነት ነቅቶ ያለን ሰው ለማንሳፈፍ የተሠራ እንጂ፣ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያዞር የተሠራ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ቅዝቃዜውን ይጠንቀቁ። አየሩ ሞቆ ፀሐይ በወጣበት የጸደይ ቀን ውሃው ገና የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይወድ በግድ ያለከልካል፤ በዚያች ደቂቃ ሌላ ምንም ሳይሞክሩ ጀልባውን ይዞ ትንፋሽን ማረጋጋት ነው ዋናው ሥራ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ጣቶች በደንብ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ልብስዎን የሚመርጡት የአየሩን ሙቀት አይተው ሳይሆን የውሃውን ጠይቀው ይሁን። ምርጫ ካለዎት ውሃው ሞቆ በሚቆይበት በበጋው መጨረሻ የሚጀምረውን ክፍል ይያዙ።

አሁን ወደ መገልበጡ ልምጣ፤ የጥያቄዎ ልብ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጀመሪያ ማዕከሉ በምን ዓይነት ጀልባ እንደሚያስተምር ይጠይቁ። ከሥሩ ከባድ ክብደት የተሸከመ ትልቅ ጀልባ ከሆነ ጀማሪዎች በሚወጡበት ቀለል ያለ ነፋስ የመገልበጡ ነገር እምብዛም አያሳስብም። አብዛኞቹ ማዕከላት ግን ዲንጊ የሚባለውን ትንሽ ጀልባ ይጠቀማሉ። ለምሳሌ በብሩስ ኪርቢ የተነደፈውና በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ሌዘር ርዝመቱ 4.23 ሜትር ሲሆን አካሉ 60 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ጀልባ ላይ ሚዛኑ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ወደ ውጭ ካዘነበሉ ይቃናል፣ ከዘገዩ ይተኛል። ስለዚህ በዲንጊ የሚማር ሰው መገልበጡ አይቀርም። ጥሩ ማዕከል ይህን አይደብቅም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ረጋ ባለ አየር፣ አስተማሪው በሞተር ጀልባ አጠገብ ቆሞ ሆን ብሎ ያስገለብጥዎታል።

ሲሆን ምን እንደሚመስል በቅርብ ላሳይዎ። ጀልባው ጎኑን ተኝቶ ሸራው ውሃው ላይ ተነጥፏል። እርስዎ ጀልባውን ሳይለቁ ዞረው ወደ ሆዱ በኩል ይመጣሉ፤ እዚያ ዳገርቦርድ የሚባለው ሳንቃ እንደ መደርደሪያ ወደ እርስዎ ወጥቶ ያገኙታል። በሁለት እጅ ይዘው ክብደትዎን ይጥሉበታል። ከዚያ ለጥቂት ሰከንዶች ምንም የሚሆን አይመስልም፤ ብዙዎች አቅም አነሰኝ ብለው ተስፋ የሚቆርጡት በዚህች ቅጽበት ነው። እውነቱ ግን በሸራው ላይ የተኛው ውሃ ተንሸራትቶ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። ምሰሶው ከውሃው ትንሽ ቀና ሲል ነገሩ በአንድ ጊዜ ይቀልና ጀልባው ብድግ ይላል። ክብደቴ 55 ኪሎ ግራም በነበረበት ጊዜ ያለማንም እርዳታ አቅንቼአለሁ፤ የጉልበት ጉዳይ ከመሆን ይልቅ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ሁለት ነገሮችን ብቻ አይርሱ፦ ከማቅናትዎ በፊት ሸራውን የሚቆጣጠረው ገመድ ከየትም እንዳልተጠላለፈና ልቅ እንደሆነ ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ ጀልባው እንደቆመ ሸራው ነፋስ ሞልቶ እንደገና ይጥልዎታል፤ ሁለተኛ፣ ዳርቻው ምንም ያህል ቅርብ ቢመስልዎ ጀልባውን ትተው ለመዋኘት አይሞክሩ፣ ጀልባው ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል።

ስለዚያ ገመድ ከራሴ የደረሰውን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ከሁሉ አብልጬ እንዲያስታውሱት የምፈልገው ነገር እሱ ስለሆነ ነው። በሦስተኛው ትምህርት ቀን ነፋሱ እየበረታ ሄደ፤ እኔም ገመዱ እንዳያመልጠኝ ብዬ መዳፌ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት። ድንገት ከጎን የመጣ ኃይለኛ ነፋስ ሸራውን ሲመታው ጀልባው መዘንበል ጀመረ። ሰው ሲፈራ የያዘውን ነገር አጥብቆ ይይዛልና እኔም አጥብቄ ያዝኩ። ባጠበቅኩ ቁጥር ሸራው ይበልጥ ነፋስ ሞላ፣ ጀልባውም ይበልጥ ዘነበለ፤ በመጨረሻ ገመዱ እጄን ይዞኝ አብሬው ወደ ውሃው ወረድኩ። የመዳፌ ቆዳ ተላጠ። አስተማሪዬ በሞተር ጀልባ ደርሶ ጀልባዬን ካቃናሁ በኋላ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሲያስፈራህ ልቀቅ» አለኝ። ገመዱ ሲለቀቅ ሸራው እንደ ባንዲራ እየተርገበገበ ነፋሱን ያሳልፈዋል፣ ጀልባውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍሬን የሌለው ጀልባ ላይ ፍሬን የሚሆንዎ ይህ ነው። ረዳት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ያየኋቸው ጀማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የተገለበጡት አጥብቀው በመያዛቸው እንጂ በመልቀቃቸው አይደለም።

ነፋሱ ለምን እንዲህ ድንገት እንደሚከብድ ማወቁም ይረዳል። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሸራው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ በ8 ኖት (ኖት የባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ ነው)፣ ማለትም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል በሚነፍስበት ጊዜ ጨዋታ የነበረው ጀልባ በ16 ኖት ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። መለኪያ ባይኖርዎም ውሃው ይነግርዎታል፤ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ነፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ገደማ ነው፣ አረፋው ሲበዛ ደግሞ ከ11 ኖት አልፏል። ማዕከሉ ጀማሪዎችን እስከ ስንት ኖት ድረስ እንደሚያወጣ ይጠይቁ። ግልጽ ቁጥር የማይሰጥዎ ማዕከል ቢሆን እኔ በበኩሌ አልመዘገብበትም። አብሮም አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝና የሞተር ጀልባ ሁልጊዜ ውሃ ላይ እንዳለ ይጠይቁ።

በጥቂት ሳምንታት ምን ይገኛል ለሚለው፣ ከሚጠብቁት በላይ ይገኛል ብዬ በድፍረት እነግርዎታለሁ። በመጀመሪያው ቀን የሚማሩት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በምሰሶው ገመድ ላይ የታሰረችውን የሱፍ ክር ያያሉ፣ ውሃው ላይ እየጠቆረ የሚመጣውን ሽብሽብ ያያሉ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ሳያዩ በጆሮዎና በጉንጭዎ ይሰሙታል። ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ ሊሄድ አይችልም፤ ከነፋሱ ግራና ቀኝ 45 ዲግሪ ያህል የተዘጋ መንገድ ነው። ስለዚህ ወደ ነፋሱ መሄድ የሚፈልግ ሰው እንደ ተራራ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው የጀልባውን ግንባር በነፋሱ ውስጥ ማሳለፉ ታክ ይባላል። ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ መታጠፉ ደግሞ ጃይብ ነው፤ በዚህኛው ቡም የሚባለው የሸራው ግርጌ ዘንግ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ስለሚወረወር ጭንቅላትዎን ዝቅ ማድረግን ከልብ ይያዙት። የመሪው እጀታ ወደ ቀኝ ሲገፋ ጀልባው ወደ ግራ መዞሩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያደናግራል፣ ከዚያ እጅ ራሱ ይለምደዋል። በኮርሱ መጨረሻ ጀልባውን አዘጋጅተው፣ ወጥተው፣ ሦስት ማዕዘን ዞረው መመለስ ይችላሉ። የሚያስቸግረው ወደ ማቆሚያው መጠጋት ነው፤ ግንባሩን ወደ ነፋሱ አዙሮ ፍጥነቱ በራሱ እንዲሞት ማድረግ ልምድ ይጠይቃል።

አንድ የመንገድ ሕግ ከአሁኑ ይያዙ። ሁለት የሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን በግራ ጎኑ የሚቀበለው በቀኝ ጎኑ ለሚቀበለው ያሳልፋል፤ ሁለቱም በአንድ ጎን የሚቀበሉ ከሆነ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ለሌላው ያሳልፋል። ይህ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ነው።

ጀልባ የሌለኝ ሰው እዚያ ምን እሠራለሁ የሚል ሐሳብም በጥያቄዎ ውስጥ አይቻለሁ። እነዚህ ማዕከላት የተቋቋሙት ጀልባ ለሌለው ተማሪ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቻርለስ ወንዝ ዳር ማዕከሉን ሲከፍት፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ የራሱ የመርከብ ንድፍ መምህር የነበሩት ጆርጅ ኦወን ለተማሪዎቹ የምትሆን ትንሽ ጀልባ ነድፈውለት ነበር። ስለዚህ ጀልባ ስለሌለዎ ራስዎን እንደ እንግዳ አይቁጠሩ።

ይዘው የሚሄዱት ብዙ አይደለም፦ ከእግር የማይወልቅ፣ ቢረጥብ የማይጎዳ ጫማ፣ ጥጥ ያልሆነ ልብስ (ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይወስዳል)፣ መነጽር ካደረጉ ማሰሪያው፣ የሚጠጣ ውሃና ደረቅ ቅያሪ። ረጅም ፀጉር ይታሰር፣ ቀለበት ይውለቅ፣ ስልክ መሬት ላይ ይቅር።

ሲመዘገቡ ክፍያው ከትምህርቱ ሰዓት ውጪ በራስዎ የሚለማመዱበትን ጊዜ ይጨምር እንደሆነ ማጣራትዎን አይዘንጉ። በሳምንት አንድ ቀን ተምሮ እስከሚቀጥለው ሳምንት ጀልባ ያልነካ ሰው በየጊዜው ግማሹን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በማግሥቱ አንድ ሰዓት እንኳ የወጣ ግን የተማረው ይሰርጽበታል። ማዕከሉ የሚጠቀምበትን የጀልባ ዓይነትና የሚጠይቀውን የዋና ርቀት እዚህ ቢጽፉልኝ፣ ገንዳ ውስጥ በየትኛው ላይ ቢያተኩሩ እንደሚሻል ዘርዝሬ እመልስልዎታለሁ።