ኤርባጉ አልወጣም፤ ሻጩን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ከ5 ወር በፊት ያገለገለ ቮልቮ ስቴሽን ዋገን ገዛሁ። ሻጩ «ግጭት አያውቅም፣ ኤርባጉም ሙሉ ነው» ብሎኝ ነበር። ባለፈው ወር ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስወርድ ከአይሱዙ ጋር ተጋጨሁ። አንድም ኤርባግ አልወጣም። ደረቴ ላይ ጉዳት ደርሶብኛል። መኪናው አሁን ጋራዥ ገብቷል። ሻጩን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ከከፋው ተረፉ። መክሰስ ይችሉ ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ ግን በጥያቄዎ ውስጥ ያላነሷቸው ነገሮች ናቸው።

መኪናው የተመታው በየት በኩል ነው? የፊት ኤርባግ የሚወጣው ከፊት በኩል ለሚመጣ ከባድ ግጭት ነው። ከኋላ ተመትተው ከሆነ አለመውጣቱ ብልሽት አይደለም።

ቀበቶስ አስረው ነበር? ቮልቮ ባለ ሦስት ነጥቡን፣ ማለትም ትከሻንም ወገብንም የሚይዘውን ቀበቶ መኪኖቹ ላይ መግጠም የጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ኤርባግ የቀበቶ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም። ካላሰሩ፣ የጉዳቱ ከፊል ጥፋት የእርስዎ ነው ተብሎ ካሳው ሊቀነስ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባጉ መብራት። ቁልፍ ሲያዞሩ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። እስከ አደጋው ቀን ድረስ እንደበራ እያዩት ነድተው ከሆነ፣ አይቀየሙኝና፣ ልክ አልሠሩም። ለሕይወትዎም ለክሱም። ጭራሽ በርቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ኤርባጉ በቀድሞ ግጭት ወጥቶ ሳይተካ ቀርቶ፣ ይህ እንዳይታወቅ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ከተረጋገጠ ማጭበርበርን ያሳያል። የትኛው እንደሆነ ለጠበቃዎ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ውሉ ላይ «አይቼ፣ ፈትሼ ተረክቤያለሁ» የሚል ቢኖርም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ አያድነውም። ሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ከገቡ የራስዎን መኪና ጥገና አይከፍልልዎትም።

አሁን ወደ ጋራዡ። ደንበኞች ሁልጊዜ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ነው። መኪናው ይጠገናል፣ ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ የተነቀለው ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ ሰውየው ደረሰኝ ይዞ ወደ ጠበቃ ይመጣል። ደረሰኙ ያወጣውን ብር ያሳያል እንጂ ኤርባጉ መጀመሪያ እንዳልነበረ አያሳይም። ሻጩም «እኔ ስሸጥ ነበረ፣ ጋራዡ አውጥቶት ይሆናል» ይላል። ምን ብለን እንመልሳለን?

የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ሳጥን የብልሽትና የግጭት መረጃ ይይዛል። መካኒኩ በቅንነት ሊያጠፋው ወይም ሳጥኑን ሊቀይረው ይችላል። ያ መረጃ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ለጋራዡ ይደውሉ። ምንም እንዳይፈታ ይበሉ። የተፈታም ካለ አንድም ብሎን ሳይጣል ይቀመጥ። መሪውን፣ ዳሽቦርዱን፣ ቀበቶዎቹን፣ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ገለልተኛ ባለሙያ መርምሮ የተፈረመ ሪፖርት ይስጥዎ። ሻጩ በምርመራው ቀን እንዲገኝ በጽሑፍ ይጥሩት። ቢመጣ ጥሩ፣ ቢቀርም ጥሪው ማስረጃ ነው። አለመግባባት ከተነሳ ፍርድ ቤት ራሱ ባለሙያ እንዲያዝ መጠየቅ ይቻላል።

ለሻጩ በስልክ ነግረውት ከሆነ አይበቃም። ጉድለቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይድረሰው፣ መቀበሉንም ያስፈርሙ። ወሩ አልፏልና የሚባክን ቀን የለም። የሽያጭ ውሉን፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ «ኤርባጉ ሙሉ ነው» ያለበት የቴሌግራም መልእክት ካለም እሱን፣ ሲባል የሰማ ደላላ ካለም ስሙን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ፊት ይቅረቡ። ውሉ የተፈረመበትና አደጋው የደረሰበት ቦታ ሊለያይ ስለሚችል፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ሰነዶቹን ያየ ጠበቃ ይወስን። ውሉን ሳላይ እኔ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።