«ልጄ ውሻ ፈርቶ ከቤት አልወጣ አለ፣ አባቱ ደግሞ በግድ ላላምደው ይላል»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አምና ክረምት ሊገባ ሲል ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሰፈር ውሾች ተሰብስበው አባረሩት። ሮጦ ወደቀ፣ አንዱ ባቱን ነከሰው። ክትባቱን ጨርሷል፣ ቁስሉም ድኗል። ፍርሃቱ ግን ባሰበት። ብቻውን ደረጃ አይወርድም። አያቱ ግቢ ውሻ ስላለ እዚያም መሄድ ትቷል። አባቱ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው፣ ወንድ ልጅ ውሻ አይፈራም» ይለኛል። ለፋሲካ እንደምንም ለምነን አያቱ ቤት ስንወስደው፣ አባቱ እጁን እየጎተተ የታሰረውን ውሻ በግድ አስነካው። ልጄ ሱሪው ላይ ሸና። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጠገቡ ካልሆንኩ አይተኛም፣ አባቱንም አያናግርም። እኔና ባለቤቴም በዚሁ ተኳርፈናል። አሁን ደግሞ «ቡችላ አምጥቼ አላምደዋለሁ» ብሏል። እውነቱን ለመናገር እኔም ውሻ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ልጅዎ ፈሪ አይደለም። ተነክሷል። በልጅ ቁመት፣ መሬት ላይ ወድቆ፣ ከላዩ የሚጮኹ ውሾችን ያየ ልጅ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ አእምሮው አሁን የነከሰውን ውሻ ከሌላው አይለይም። ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቀውም፣ ግቢ ውስጥ የታሰረውም፣ ከሩቅ የሚሰማው ጩኸትም አንድ ሆነውበታል። በልጁ ላይ ማሾፍም መቆጣትም ይህን አያስተካክለውም።

ግን ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ለምን አልለቀቀውም? ልጅዎ ውሻ ሲያይ ልቡ ይመታል፣ ጉልበቱ ይርዳል። ዞሮ ወደ ቤት ሲሮጥ ወዲያው ቅልል ይለዋል። ችግሩ ያለው እዚያ እፎይታ ውስጥ ነው። አእምሮው «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ያ ውሻ ዝም ብሎ ሊያልፍ እንደነበር የሚያይበት ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ከሸሸ ቁጥር ፍርሃቱ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ፍርሃት 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ የልጁን ኑሮ ሲያውክ እኛ ባለሙያዎች ፎቢያ እንለዋለን። በልጆች ላይ የተለመደ ነው፣ ደግሞም በደንብ ከሚታከሙት የሥነ ልቦና ችግሮች አንዱ ነው።

እርስዎም እንደሚፈሩ በግልጽ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። መንገድ ላይ ውሻ ሲያዩ የልጅዎን እጅ ጨበጥ አድርገው «ና፣ በዚህ እንዙር» ይሉት ይሆናል። ልጅ ከቃል በፊት እጅ ያነባል። ይህን የምልዎት ልወቅስዎት አይደለም፤ ልጅዎ ሲለማመድ እርስዎም አብረውት እንዲለማመዱ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ልጃቸውን እንደሚወዱ አልጠራጠርም። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት፣ ጠንክሮ እንዲያድግ ፈልገው ነው። ግማሹ ሐሳባቸውም ትክክል ነው፤ ከውሻ ፍርሃት የሚያላቅቀው ሕክምና እውነትም ውሻን ቀስ በቀስ መቅረብ ነው። የተሳሳተው ግማሽ ግን ከባድ ነው። ልጁ እየተጎተተ ሲቀርብ የተማረው ውሻ አስፈሪ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ አባቱ አጠገቡ ቆመው እንኳ እንደማያድኑት ነው የተማረው። ማታ እርስዎን ይዞ የሚተኛውም፣ አባቱን የማያናግረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሥራው ከውሻ አይጀምርም። ከአባትና ከልጅ ነው የሚጀምረው። በእኛ ቤት አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙም አይታይም፤ እዚህ ግን ያስፈልጋል። ረጅም ንግግር አያሻውም። «ያን ቀን በግድ ማስነካቴ ልክ አልነበረም። ከእንግዲህ አንተ ሳትፈልግ ውሻ አጠገብ አልወስድህም» ማለት ይበቃል። ይህን ከርስዎ ጋር ሲጨቃጨቁ ሳይሆን ብቻቸውን፣ ልጁ አጠገብ ቁጭ ብለው ይበሉት። እርስዎም በበኩልዎ «አየህ፣ አልኩህ አይደል?» ከማለት ይቆጠቡ።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ አንድ ሕፃን ጽፋ ነበር። ፒተር ብላ ትጠራዋለች፣ ዕድሜው ወደ 3 ዓመት ይጠጋል፣ ጥንቸል ክፉኛ ይፈራል። የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በሽቦ ቤቷ ሆና ከሩቅ ያሳዩት ጀመር፤ እሱ ሳይረበሽ በቻለው መጠን እየቀረበች መጣች። መጨረሻ ላይ ጣቱን እስክትነካካው ድረስ ፈቀደላት። እኔን የሚገርመኝ ግን በመሀል የሆነው ነው። ፒተር ታሞ ሆስፒታል ቆይቶ ከነርሷ ጋር ሲወጣ ትልቅ ውሻ ዘሎ አስደነገጣቸው፣ ነርሷንም ጭምር። የተሻለው ፍርሃት ተመልሶ መጣ። እንደገና ጀመሩ፣ ዳነም። የእርስዎ ልጅም መሀል ላይ ወደ ኋላ ይመለስ ይሆናል። ያኔ «ድሮም ብዬ ነበር» የሚል ሰው ቤት ውስጥ እንዳይኖር።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ ብትጀምሩስ? ኮንዶሚኒየም መኖራችሁ ለዚህ ይጠቅማል። ጠዋት ቁርስ ላይ በረንዳ ወይም መስኮት አጠገብ ሆናችሁ ታች ያሉትን ውሾች ተመልከቱ። ልጁ እንደ ተመራማሪ ይሁን። የትኛው ተኝቷል? የትኛው ጭራውን ላላ አድርጎ ይወዛውዛል? ገላው ደርቆ፣ ጆሮውን አቁሞ የሚያፈጠውስ የትኛው ነው? ውሻ ለልጅዎ አንድ ጥቁር ነገር ከመሆን ወጥቶ ሊነበብ የሚችል እንስሳ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጠው። 7 ብሎ ከጀመረ ወደ 3 እስኪወርድ አብራችሁት ቆዩ። ፍርሃት ሰውነት ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሳይሸሹትም ይወርዳል። ልጁ ይህን በራሱ ገላ ማየት አለበት፤ በምክር አይገባውም።

ደረጃ መውረድ፣ ከአባቱ ጋር በር ላይ መቆም፣ ከመንገዱ ማዶ ማለፍ ከዚያ ይቀጥላል። መቼ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ የሚወስነው ልጁ ነው። ወደ መጨረሻው የተረጋጋ፣ ክትባት የተከተበ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ያለ ትልቅ ውሻ ፈልጉለት። የአያቱን ግቢ ውሻ ለመጀመሪያ አልመርጠውም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ሰው ሲቀርበው ይቆጣል፣ ያውም ያን ቀን ያየው እሱኑ ነው። ውሻ የማይፈራ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ካለ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጥናት ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት እኩያቸው ከውሻ ጋር በደስታ ሲጫወት ደጋግመው ካዩ በኋላ ውሻ መቅረብ ችለው ነበር። ማንም አልገፋቸውም፣ አዩ ብቻ።

ሁለታችሁም ግባችሁን አስተካክሉ። ልጅዎ ውሻ እንዲወድ አይጠበቅበትም። የመንገድ ውሻ እያዩ መጠንቀቅም ጤነኛ ነገር ነው፤ ከተማችን ውስጥ ክትባት ያልያዘ ውሻ ብዙ ነው። የምንፈልገው ሱቅ ደርሶ እንዲመለስ ነው። ለዚህ ቤት ውስጥ ተጫውታችሁ የምታለማምዱት ነገር አለ። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፣ አይጮኽም። እጁን ወደ ታች ለቆ ይቆማል፣ ዓይን ዓይኑን አያየውም፣ ጎን ለጎን ቀስ እያለ ይርቃል። ከወደቀ ተኮራምቶ አንገቱንና ጆሮውን በእጁ ይሸፍናል። የሚበላ ወይም የምታጠባ ውሻ አጠገብ አይሄድም። እንደ ገና ከተነከሰ ደግሞ፣ አያድርገውና፣ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ቀድሞ መከተቡንም ንገሯቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ልጁ ይህን ሲያውቅ የሚያደርገው ነገር እንዳለው ይሰማዋል፣ ያ ራሱ ፍርሃቱን ይቀንስለታል።

አጠገቡ መተኛቱን በአንድ ሌሊት አትከልክሉት። መጀመሪያ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ሁኑ፣ ከዚያ በር ላይ። ማታ ተረት የሚያወሩለት አባቱ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፣ ልጁ እሺ ካለ። በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት እንቅልፉ ካልተስተካከለ፣ ሽንቱ ማምለጡ ከቀጠለ ወይም ትምህርት ቤት ካልሄደ ግን ብቻችሁን አትታገሉ፤ ከልጆች ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያግኙ። ቢቻል ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።

ስለ ቡችላው የምለው አጭር ነው። አሁን አታምጡ። ቡችላ ይዘላል፣ ጣት ይናከሳል፣ ልብስ ይጎትታል፤ ልጁ የሚሸሽበት ክፍል እንኳ አይኖረውም። ቤት ማለት አሁን ለእሱ የቀረው ብቸኛ ደህና ቦታ ነው። አንድ ቀን ራሱ «አባዬ፣ ቡችላ እናሳድግ» ካለ ያኔ ሦስታችሁም ቁጭ ብላችሁ ትነጋገሩበታላችሁ።